ሴንሰሩን ከመቀየርዎ በፊት የሰጡትን ትዕዛዝ ያንብቡ

ጥያቄ፦ «ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለኝ። አምና በመታጠቢያ ቤቱ፣ በኮሪደሩና በደረጃው ላይ ስማርት አምፖልና የእንቅስቃሴ ሴንሰር አስገጠምኩ። ሁሉም በዋይፋይ ነው የሚሠሩት፤ የማዛቸውም በስልኬ ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የደረጃው ሴንሰር ነጭ ጉልላት ያላቸው፣ ባትሪ የሚበሉ ናቸው። የኮሪደሩ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። መታጠቢያ ቤት ሰው እያለ መብራቱ ይጠፋል፤ ‹ሰው ሲገባ አብራ፣ 2 ደቂቃ ቆይ፣ አጥፋ› ብዬ ነው ያዘዝኩት። ኮሪደሩ አንዳንድ ሌሊት ማንም ሳይኖር ይበራል። ደረጃው ከ12 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንዲሠራ አዝዤው በጠራራ ፀሐይ ሰው ባለፈ ቁጥር ይበራል። ማታ ደግሞ እናቴ ግማሽ ደረጃ ከወጣች በኋላ ነው የሚበራላት። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዶቹ አምፖሎች ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አፑ ላይ ‹ኦፍላይን› ይላል። የገጠመልኝ ኤሌክትሪሺያን ‹ሴንሰሮቹ ፎርጅድ ናቸው፣ ሁሉንም እንቀይር› እያለኝ ነው። ልቀይር?»

ምላሽ፦ አይቀይሩ። ከዘረዘሯቸው አምስት ችግሮች ውስጥ አዲስ ሴንሰር እንዲገዙ ከወዲሁ የምመክረው ለደረጃው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለው ስለተበላሸ ሳይሆን ለደረጃ የማይሆን ዓይነት ስለሆነ ነው። የቀሩት ከትዕዛዙ፣ ከተሰቀሉበት ቦታና ከአምፖሎቹ አሠራር የመጡ ናቸው። ዛሬ ሁሉንም በአዲስ ቢተኩ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ትዕዛዝ፣ ያንኑ ችግር ደግመው መግዛትዎ ነው።

ብዙ ሰው ሴንሰሩ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጉልላት ያለው ሴንሰር ፒአይአር ይባላል። ከራሱ ምንም አይልክም፤ ከሰውነታችን የሚወጣውንና ለዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ይጠብቃል። ጉልላቱን ጠጋ ብለው ቢያዩት እንደ ንብ ቀፎ የተከፋፈለ ነው። ክፍሉንም ድፎ ዳቦ እንደሚቆረስ በየቁራሹ የሚከፍለው ይኸው ነው። ሞቃት ነገር ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው ሲሻገር ውስጥ ያሉት ሁለት የሙቀት ማንበቢያዎች የተለያየ ነገር ያነባሉ፤ ያን ጊዜ «እንቅስቃሴ አለ» ይላል። የማይንቀሳቀስ ሰው ለእሱ ከግድግዳ አይለይም። በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያያል፤ በቀጥታ ወደ እሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም ያ ሰው ብዙ መንገድ የሚሄደው አንዱ ቁራሽ ውስጥ ሆኖ ነው። መስታወትም ይጋርደዋል። የሻወር መስታወት ውስጥ የገባ ሰው ከዚህ ሴንሰር እይታ ወጥቷል ማለት ነው።

ጠፍጣፋው ሴንሰር ሌላ ነው። ያ ራዳር ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ይልክና ተመትቶ የሚመለሰውን ያነባል። በ24 ወይም በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት፣ ገበያ ላይ «ፕረዘንስ ሴንሰር» የሚባሉት፣ የተቀመጠ ሰው ሲተነፍስ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት ሳይቀር ይይዛሉ። ጉልበታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ችግራቸውም ከዚሁ ይመጣል። ጂፕሰም፣ ስስ የእንጨት በርና መስታወት አያቆማቸውም።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤትዎ እንግባ፤ እዚያ ሁለት ጥፋት ተደራርቧል። አንደኛው ትዕዛዙ ነው። «አብራ፣ 2 ደቂቃ ቆይ፣ አጥፋ» የሚለው ሲነበብ ትክክል ይመስላል። ሲሠራ ግን እንዲህ ነው፦ ልክ 1 ሰዓት ላይ ገቡ እንበል። አምፖሉ በራ፤ የ2 ደቂቃ ቆጠራ ጀመረ። ከ90 ሰከንድ በኋላ እጅዎን ሊታጠቡ ተነሱ፤ ሴንሰሩ እንደገና «እንቅስቃሴ አለ» አለ። አምፖሉ በርቶ ስለነበር የሚታይ ለውጥ የለም። የመጀመሪያውን ቆጠራ ግን ማንም አላስቆመውም። 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ቆጠራው አለቀና ሳሙና በእጅዎ ላይ እያለ አጠፋብዎ። ሴንሰሩ አይቶዎታል፤ ያጠፋብዎ ትዕዛዙ ነው።

ስለዚህ ያንን ትዕዛዝ ይሰርዙትና በሁለት ይክፈሉት። አንዱ «እንቅስቃሴ ሲኖር አብራ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ሁለተኛው «ሴንሰሩ ለ5 ደቂቃ እንቅስቃሴ የለም ሲል አጥፋ» ይላል። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ አዲስ እንቅስቃሴ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። አንዳንድ ርካሽ የዋይፋይ ሴንሰሮች «አለ» ብቻ እንጂ «የለም» የሚል መልእክት አይልኩም። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ አምፖሉ ወይም ሪሌው (ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ የሚገባው ትንሽ ስማርት ማብሪያ) ራሱ ያለውን ወደ ኋላ የመቁጠሪያ ሰዓት ይጠቀሙ፦ «እንቅስቃሴ ሲኖር አብራ፣ ቆጣሪውን 5 ደቂቃ ላይ አድርግ»። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆጣሪው ተመልሶ 5 ደቂቃ ይሆናል። የምወድለት ደግሞ ቆጠራው የሚካሄደው ዕቃው ውስጥ መሆኑን ነው፤ መሃል ላይ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሰዓቱ ሲደርስ ያጠፋል። ሆም አሲስታንት የሚባለውን የስማርት ቤት ማዘዣ ፕሮግራም የሚጠቀም ጎረቤት ካለዎት ይኼው ጥፋት እሱም ቤት ሊኖር ይችላል። እዚያ አንድ ትዕዛዝ ገና ሥራ ላይ እያለ አዲስ ጥሪ ቢመጣ፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ አዲሱን ችላ ይለዋል። የትዕዛዙን ሞድ ከ«ሲንግል» ወደ «ሪስታርት» መቀየር ይበቃዋል።

ለምን 5 ደቂቃ እንዳልኩም ላስረዳ። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ባትሪውን ለመቆጠብ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። በብዙዎቹ ላይ ይህ ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቢጨፍሩም አያይም። ማጥፊያውን 30 ሰከንድ ላይ ያደረገ ሰው «ሴንሰሬ አይሠራም» ማለቱ የማይቀር ነው። ሴንሰሩ ሳይነቃ መብራቱ ይጠፋበታላ።

ሁለተኛው የመታጠቢያ ቤት ጥፋት የሴንሰሩ ዓይነት ነው። ትዕዛዙ ቢስተካከልም ፒአይአር ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው አያይም፤ ሻወር መስታወት ውስጥ ያለውንም አያይም። ለዚህ ክፍል የሚሆነው ራዳሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሪደርዎ ላይ ያለ ቦታው ተሰቅሏል። ያለዋውጧቸው። ከመለዋወጥዎ በፊት ግን አንድ ሙከራ ያድርጉ፦ ራዳሩ ፊት ወንበር አድርገው 5 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡና አፑን ይመልከቱ። «ሰው አለ» እንዳለ ከቆየ ለመታጠቢያ ቤት ይሆናል። «የለም» ካለ እንቅስቃሴ ብቻ የሚይዘው የቆየው ዓይነት ነውና መለዋወጡ አይጠቅምዎትም፤ ያን ጊዜ ለመታጠቢያ ቤቱ ፕረዘንስ ሴንሰር መግዛት ይኖርብዎታል። ሲሰቅሉት ውሃ ከማይረጨው ቦታ፣ ፊቱ ወደ መቀመጫው ዞሮ፣ ርቀቱም አፑ ላይ በክፍሉ ልክ አጥሮ ይሁን። ገመዱና ኃይል መሙያው ከእርጥበት ውጭ መሆን አለባቸው።

የኮሪደሩን ነገር ሳነብ የታወሰኝ ገርጂ አካባቢ ያየሁት አንድ ቤት ነው። ኮሪደሩ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር የሚበራው። የቤቱ እመቤት ነገሩ ቢያሳስባቸው የበራበትን ቀንና ሰዓት በልጃቸው ደብተር ጀርባ ጽፈው ይዘውታል። ሴንሰሩ ጠፍጣፋው ዓይነት ነው፤ የተሰቀለው ስስ የጂፕሰም ግድግዳ ላይ ነው። ሌሊት ተጠራሁና ኮሪደሩ ሲበራ ጆሮዬን ጂፕሰሙ ላይ አስጠጋሁ፤ ከጀርባው ውሃ ሲሄድ ይሰማል። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣውም ሌሊት ነው። ወደ ጣሪያው ታንከር የሚወጣው የፕላስቲክ ቧንቧ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ብረት ቧንቧ ቢሆን ሞገዱን ይመልሰው ነበር። በፕላስቲኩ ውስጥ የሚፈሰውን ውሃ ግን ራዳሩ እንደሚንቀሳቀስ አካል ያነበዋል። ደብተሩ ላይ ያሉት ቀናት ውሃ የመጣባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። ሴንሰሩን ወደ ፊት ለፊቱ የብሎኬት ግድግዳ አዛወርነው፤ አበቃ።

የእርስዎም «አንዳንድ ሌሊት» ማለትዎ ነው ይህን ያስጠረጠረኝ። የተበላሸ ዕቃ ቀን አይመርጥም። አፑ ሴንሰሩ ያየበትን ሰዓት በታሪክ መዝገቡ ያስቀምጣል፤ ከፍተው ከውሃው ፈረቃ ጋር ያስተያዩት። ካልገጠመ በነፋስ የሚወዛወዝ መጋረጃ፣ የሚዞር ማራገቢያ፣ ከበሩ ወዲያ ያለ መኝታ ቤት ውስጥ የሚገላበጥ ሰው ይፈልጉ። ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት የሴንሰሩን ፊት በአልሙኒየም ፎይል ይሸፍኑት። ወረቀትና ፕላስቲክ ራዳርን አይጋርዱም፤ ፎይል ይጋርዳል። ተሸፍኖም ኮሪደሩ ከበራ ያበራው ምናልባት አፑ ውስጥ የተረሳ ሌላ ትዕዛዝ ነው። ይህም ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ በተለይ ኤሌክትሪሺያኑ ለሙከራ አዝዞ ሳይሰርዘው የሄደው ትዕዛዝ።

ፒአይአሩን ወደ ኮሪደሩ ሲያመጡት እሱም የራሱ ጠላቶች አሉት። የከሰል ምድጃ፣ ምጣድ፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ ድመት፣ ጉልላቱ ላይ የምትሄድ ሸረሪት ሁሉ «ሰው» ሊሆኑበት ይችላሉ። ከወለል 2 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው፣ ፊቱ ከመስኮትና ከማዕድ ቤት በር ዞሮ፣ ሰው በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ አድርገው ይስቀሉት።

ደረጃው በጠራራ ፀሐይ የሚበራበት ምክንያት ደግሞ አጭር ነው። አፑ የሚቆጥረው በኛ ሰዓት አይደለም። ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚያውቀው፤ 12፡00 ሲሉት የሚገባው እኩለ ቀን ነው፣ በኛ ከቀኑ 6 ሰዓት። እርስዎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያሉት ትዕዛዝ እሱ ዘንድ ከእኩለ ቀን እስከ ንጋት ሆኖ ነው የተመዘገበው። መጻፍ የነበረበት ከ18፡00 እስከ 00፡00 ነው። ሌሊቱንም ሙሉ ይሥራ ካሉ፣ ለእናትዎ ስል እንዲያ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፣ ከ18፡00 እስከ በማግስቱ 06፡30 ያድርጉት። አፑን ሲከፍቱ የቤቱን አድራሻ ውጭ አገር አድርገው ሞልተውት ከሆነም ሰዓቱ ይዛባል፤ የቤቱ ቦታ አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከሰዓት ይልቅ «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚለውን መምረጥም ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር መጀመሪያ ላይ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ሐምሌ ውስጥ ደግሞ ከ12 ሰዓት ከ45 በኋላ ነው፤ የዓመቱ ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። የክረምቱ ደመና ግን ከፀሐይዋ ቀድሞ ቤቱን ያጨልመዋል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ የብርሃን መለኪያ ካለው ከሁለቱም ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ጨለማ ከሆነ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በማብሪያው ትዕዛዝ ላይ ብቻ ያስገቡት፤ በማጥፊያው ላይ ፈጽሞ አያስገቡ። አምፖሉ ሲበራ ሴንሰሩ የሚያየው ብርሃን ነው፤ «ጨለማ ከሆነና ሰው ከሌለ አጥፋ» ብለው ካዘዙት ጨለማውን አያገኘውም፣ አምፖሉም ሲበራ ያድራል። እንዲሁም ሰዓቱን «ማንኛውም ከተሟላ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገብተውት እንደሆነ ያጣሩ። እዚያ ከገባ ሰዓቱ ብቻውን ሲደርስ ሰው ባይኖርም ያበራል። የሰዓት ገደብ ቦታው «ትዕዛዙ የሚጸናበት ጊዜ» የሚለው ሥር ነው።

የመዘግየቱ ጉዳይ ነው ከሁሉም የሚያሳስበኝ። ኮሪደር ቢዘገይ ያናድዳል፤ ደረጃ ቢዘገይ ሰው ይጥላል። በባትሪ የሚሠራ የዋይፋይ ሴንሰር ባትሪው እንዳያልቅ ተኝቶ ነው የሚውለው። ሰው ሲያይ ይነቃል፣ ዋይፋዩን ፈልጎ ይገናኛል፣ መልእክቱን ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ትዕዛዙን አንብቦ በዚያው መንገድ ወደ ቤትዎ አምፖል ይመልሳል። ኢንተርኔቱ ጥሩ በሆነበት ቀን እንኳ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ ሲደክም ከዚያም ይብሳል፤ ሲቋረጥ ጭራሽ አይበራም። እናትዎ ግማሽ ደረጃ የሚወጡት በዚህ መሃል ነው። በዚያ ላይ ሴንሰሩ ከደረጃው ጫፍ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ከሆነ እናትዎ በቀጥታ ወደ እሱ ነው የሚወጡት፤ ከላይ እንዳልኩት ይህ ፒአይአር ዘግይቶ የሚያየው አቅጣጫ ነው።

ለደረጃው ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኢንተርኔቱን ከዚያ ያውጡት። በ220 ቮልት ቀጥታ የሚሠራ፣ ከአምፖሉ ጋር በሽቦ የሚገናኝ ተራ የፒአይአር ሴንሰር ይግዙ። አፕ የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ አይተኛም። ጀርባው ወይም ጎኑ ላይ የሚዞሩ ትናንሽ ማስተካከያዎች አሉት፤ አንዱ ስንት ደቂቃ በርቶ እንደሚቆይ፣ አንዱ ምን ያህል ሲጨልም ሥራ እንደሚጀምር፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከምን ያህል ርቀት እንደሚያይ የሚወስኑ ናቸው። ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ፣ ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ከመርገጡ በፊት በፊታቸው አቋርጦ እንዲያልፍ ሆነው ይሰቀሉ። ሁለቱም ያንኑ አምፖል እንዲያበሩ ኤሌክትሪሺያኑ ትይዩ አድርጎ ያገናኛቸዋል። አምፖሉ ተራ ኤልኢዲ ይሁን። አሁን ደረጃው ላይ ያሉትን ስማርት አምፖሎች ወደ መኝታ ቤት ይውሰዷቸው።

ከስልክ መቆጣጠሩን አልተውም ካሉ መንገዱ ዚግቢ ነው፤ ዕቃዎች ያለ ዋይፋይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ዘዴ ነው። የዚግቢ ሴንሰር ከእንቅልፉ ቶሎ ይነቃል፤ ሴንሰሩም ሪሌውም በአንድ ጌትዌይ (የዚግቢ ዕቃዎችን የሚያስተባብር ትንሽ ሳጥን) ሥር ከሆኑ አብዛኛው ጌትዌይ ትዕዛዙን ወደ ውጭ ሳይልክ ቤት ውስጥ ይፈጽመዋል። የዋይፋይ ሴንሰሮችዎ ግን ዚግቢ ላይ አይሠሩም፤ አዲስ መግዛት ይሆናል። ዚግቢም ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ይጋፋሉ። ራውተሩን ቻናል 1 ላይ አስረው ዚግቢውን 20 ወይም 25 ላይ ቢያደርጉት ሰላም ይሆናሉ። ጌትዌዩ ምድር ቤት ከሆነ በሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮና ኮንክሪት ምልክቱን ያደክመዋል። ባትሪ የሚበሉት ምልክት አያቀባብሉም፤ ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ወደ መስመሩ የሚመለስበት ሽቦ) ያላቸው ሪሌዎች ግን ያቀባብላሉ።

ወደ አምፖሎቹ ልምጣ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚሉት አልተበላሹም፤ «አዲስ ባለቤት ፈልጉልኝ» እያሉ ነው። ስማርት አምፖል ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ እንደ አዲስ የሚገናኝበትን መንገድ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አደረጉት። በብዙዎቹ ሦስት ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ አምስት ጊዜ በተከታታይ ቢያጠፉና ቢያበሩት የድሮውን ዋይፋይ ረስቶ አዲስ ይጠብቃል። አሁን ዝናብ ሲጥል ኤሌክትሪኩ ምን እንደሚያደርግ ያስቡ፤ ቦግ፣ እልም፣ ቦግ፣ እልም። አምፖሉ ሰው መስሎት ይቆጥራል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ብቻ፣ አንዳንድ ቀን ብቻ የሚሆኑት። ልጆች ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ሲጫወቱም የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህን አብዛኛው አምፖል ላይ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። መብራት ሲመጣ ሁሉም በሌሊት ቦግ የሚሉትን አፑ ላይ «ኤሌክትሪክ ሲመለስ» በሚለው ምርጫ ሥር «በነበረበት ሁኔታ» ያድርጉት። ተገናኝተው የነበሩት «ኦፍላይን» የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ቀድመው ስለሚነሱ ነው። ራውተሩ ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋልና ይታገሷቸው፤ አፍርሰው እንደ አዲስ ለማገናኘት አይቸኩሉ። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ቢገዙለት ይህ ጣጣ በግማሽ ይቀንሳል። ሲገዙ የራውተሩን ጀርባ ያንብቡ፤ 12 ቮልት የሚለውን በ12፣ 9 የሚለውን በ9 እንጂ አያለዋውጡ። አንድ ቀን ራውተር ከቀየሩም የድሮውን የዋይፋይ ስምና ፓስዋርድ ፊደል ሳይለውጡ በአዲሱ ላይ ይጻፉት፤ ዕቃዎቹ ሁሉ ራሳቸው ይመለሳሉ። አብዛኞቹ 5 ጊጋኸርዝ አያውቁምና የ2.4ቱ ዋይፋይ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ስማርትነቱን ከአምፖሉ አውጥቶ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ ማስገባት ነው። ትንሽ ስማርት ሪሌ እዚያ ትገባለች፤ አምፖሉ ተራ ኤልኢዲ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ቦግ እልም ስላለ ሪሌዋ ግንኙነቷን አትረሳም። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያም እንደ ወትሮው ይሠራል። ስማርት አምፖል ባለበት ቤት ማብሪያ ማጥፊያውን መንካት ክልክል ይሆናል፤ ሰው የነካው እንደሆነ አምፖሉ ኃይል አጥቶ «ኦፍላይን» ይላል። እንግዳ የመጣ፣ ሠራተኛ የተቀየረ፣ አያት ያደረ ቀን ቤቱ ይረበሻል። ሪሌ ግን ማንንም ምንም አታስተምርም።

ሪሌ ሲገጠም ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አብዛኞቹ ኒውትራል ይፈልጋሉ፤ በብዙ ቤቶች ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ የሚወርደው ግን ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሪሌዋ ኒውትራል ወዳለበት ወደ ላይኛው የሽቦ ሳጥን ትውጣ፤ ወይም ኒውትራል የማትፈልገውን ዓይነት ይግዙ። ያቺ በአምፖሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈች ስለምትኖር አነስተኛ ኤልኢዲ ሲጠፋም ጭል ጭል ሊል ይችላል፤ ከአምፖሉ ጋር ትይዩ የሚገባ ካፓሲተር ያስተካክለዋል። የኤርዙን ሽቦ በኒውትራል ምትክ ለመጠቀም የሚሞክር ባለሙያ ካጋጠመዎ ግን ያስቁሙት። የኤርዙ መስመር አንድ ቦታ ቢላቀቅ የልብስ ማጠቢያውና የፍሪጁ አካል ሰው የሚይዝ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ብሬከሩ ሳይወርድና በቴስተር ሳይፈተሽ ሳጥኑ አይከፈት። ሦስተኛው፣ የመብራት ሪሌ ከባድ ዕቃ አታንቀሳቅስም፤ ብዙዎቹ 10 አምፔር ነው የሚችሉት። 3500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሪሌዋ ትቀልጣለች፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

አልጠየቁኝም፣ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ዘመድ ከአሜሪካ አምፖል ልላክ ካለዎ ማሸጊያው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እምቢ ይበሉ፤ እኛ 220 ላይ ሲገባ ይቃጠላል። ዜድ ዌቭ የሚባለውን ሌላ የሬዲዮ ዘዴ የሚጠቀሙ ዕቃዎችም የሚሠሩበት የሬዲዮ ሞገድ በአሜሪካና በአውሮፓ የተለያየ ነው፤ ከሁለቱ የተቀላቀለ ዕቃ እርስ በርሱ አይሰማማም። ዋይፋይና ዚግቢ እዚህ ችግር ውስጥ አይገቡም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ምንም ሳይገዙ የመታጠቢያ ቤቱን ትዕዛዝ በሁለት ይክፈሉ፣ የደረጃውን ሰዓት ወደ 18፡00 ያርሙ፣ የኮሪደሩን የሌሊት መዝገብ አውጥተው ከውሃው ጋር ያስተያዩ፣ የወንበሩ ሙከራ ከተሳካ ሁለቱን ሴንሰሮች ያለዋውጡ። ከዚያ የመጀመሪያው ወጪዎ የደረጃው የ220 ቮልት ሴንሰሮች ይሁኑ፤ ቀጥሎ የራውተሩ ዩፒኤስ፣ ሪሌዎቹ ደግሞ አቅም በፈቀደ ጊዜ አንድ በአንድ። ለኤሌክትሪሺያኑ ይህን ጽሑፍ ያሳዩት፤ ሽቦውን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሥራውም ያስፈልግዎታል።

መብራት ሲሄድ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይሠራም። ስለዚህ ደረጃው ሥርና ራስ ላይ ቻርጅ የሚደረግ፣ የራሱ ሴንሰር ያለው ትንሽ መብራት ይለጥፉ፤ መደገፊያው ላይ እጅ በሚደርስበት ከፍታ። ቻርጁን በየስንት ጊዜው እንደሚጨርስ የመጀመሪያውን ወር ይከታተሉት፤ እናትዎም ማታ መብራት በሌለበት አንድ ጊዜ ሲወጡ አብረዋቸው ይውጡና የጨለመባቸው ደረጃ ካለ ይጠይቋቸው።